አንዴ ብቻ የተጠየቅሁበት ጉዞ

ልጄ ስልኩን ይዞ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠና፣ ትምህርት ሲዘጋ መላ ቤተሰቡን ውጭ አገር ሊወስድ ማሰቡን ነገረን። ለሽርሽር ብቻ አይደለም፤ ልጆቹ የሚማሩበት አገር ይሁን አለ። ግብፅ ብንሄድ ታሪክ ይማራሉ፣ ኪጋሊ ብንሄድ ንጽሕና። ምራቴ ቱርክ ካልሆነ አለች። የልጅ ልጄ ዱባይን ጠራች።

«እዚያ ምን ትማሪያለሽ?» ቢላት አባቷ፣ «ሊፍት መንዳት» አለችው።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁትም እዚሁ ከተማችን ጎዶማ ገበያ፣ ከድንበር ማዶ በሚመጣ የዱቄት ከረጢት ላይ ነው። መንገድ ግን አውቃለሁ። በልጅነቴ ጎልቦ ሜዳ ላይ ግመል ተከትያለሁ፤ ካገባሁ በኋላ በጭነት መኪና፣ ከፍየል ጋር ተጭኜ፣ ድንበር አቋርጬ ማርሳቢት ተመላልሻለሁ። ያላየሁት ባሕር ነው። አንድ የሞምባሳ ሾፌር፣ የአገሩ ባሕር ውሃ ርቆ ሄዶ በራሱ ጊዜ ይመለሳል ብሎኝ ነበር። እኛ ዘንድ ሄዶ የሚመለስ ውሃ የለም፤ ዋሸኸኝ ብዬ ተጣላሁት። ከዚያ ወዲህ ጉልበቴ ሳይከዳኝ፣ ሲመለስ ቆሜ ማየት እፈልጋለሁ።

በመጨረሻ ልጄ ወደ እኔ ዞረ። «እማ፣ አንቺስ የት ትፈልጊያለሽ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እናንተ ካላችሁበት።»

ይህ እኛ ቤት መልስ አይደለም። እንግዳ ወተት ሲቀርብለት «ጠጥቼ ነው የመጣሁት» ይል የለ? ባለቤቱ ሁለተኛ ይለምነዋል፣ ሦስተኛ ይምልበታል፣ ያኔ ይጠጣል። እኔም ሁለተኛውን ስጠብቅ ልጄ «ሳዋ፣ እሺ» አለና ግብፅን ያዘ። ምራቴ የዚሁ የቡቲዬ ሰፈር ልጅ ናት፣ ወጉን ታውቃለች፤ ግን ቱርክ ቀርቶባት አኩርፋ ነበር።

ሦስት ቀን አንገበገበኝ። በአራተኛው ኀፍረቴን ዋጥ አድርጌ ልጄ ዘንድ ሄድኩ።

«የምናርፍበት ቦታ ባሕር አለ?»

«ወንዝ አለ፣ ዓባይ።»

«ይመለሳል?»

«ምኑ?»

ነገርኩት፤ የሾፌሩን ወሬ፣ ሞምባሳን፣ ሁሉን። ራሱን ያዘ። «እንዴ እማ፣ ያኔ አትነግሪኝም? ቲኬቱ እኮ ተቆርጧል።»

«እንግዲያስ ያለእኔ ሂዱ።»

ይህንንም ሁለቴ ቢለምነኝ እሄድ ነበር። «ሳዋ፣ እንደፈለግሽ» ብሎ የእኔን ለማሰረዝ ስልኩን አነሳ። ልጆቹን ለማስተማር አገር ላገር ያማርጣል፤ የእናቱን አፍ ግን እሱ ራሱ አልተማረም።

በማግስቱ ጠዋት፣ «እናንተ ስትሄዱ እኔ ሞምባሳ እሄዳለሁ» አልኩት።

«ብቻሽን? አይሆንም።»

አልለመንኩትም። ነጠላዬን ደርቤ በእግሬ አውቶቡስ ቢሮ ሄድኩ። ቲኬት ቆራጩ ልጅ ቀና አለ። «እማማ፣ በመስኮት በኩል ይሻልዎታል ወይስ በመተላለፊያው?»

«እንደተገኘ» ሊያመልጠኝ ነበር። «በመስኮት» አልኩት።

ቲኬቱን ጨብጬ ስመለስም አልበረደልኝም። የማላውቀው ሰው የወደድኩትን ሲሰጠኝ፣ የወለድኩት ግን ግብፅ ሊሄድ ሻንጣ ያሰናዳል።