የበርበራው ሰው እና ቀለበት ደሴቶች

ልጅ ሳለሁ፣ ጅጅጋ ውስጥ ባሕር የነበረው በአንድ ቤት ብቻ ነው። የአደር ሮብሌ ቤት። አደር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፤ እኛ የመምህራን ልጆችም ጎረቤታችንን እንደዚያው እንጠራቸው ነበር። በወጣትነታቸው መርከበኛ ነበሩ። ያኔ፣ ጦርነቱ አልፎ መብራቱ ግን ገና ሄድ መጣ በሚልበት ዘመን፣ ሲመሽ ፋኖሱን ከከሰል ምድጃው አጠገብ አስቀምጠው፣ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ ማልዲቭ ስለሚባሉ ደሴቶች ያወሩልኝ ነበር።

የጂኦግራፊ መምህሬ አባቴ ነበር። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ «ደሴት በውሃ የተከበበ መሬት ነው» ሲል እጄን አወጣሁ።

«ውሃ የከበበ መሬትም አለ።»

ክፍሉ ሳቀ።

«ማን ነገረሽ?»

«አደር ሮብሌ።»

«ዛሬ አብረን እንሄዳለን። ውሸት እየሞሉብሽ ከሆነ ግን ከእንግዲህ እዚያ ቤት አትሄጂም።»

ምሽት። ፍም። አባቴ ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። አደር ሮብሌ የሻይ ብርጭቋቸውን ከትሪው አነሡ፤ ከሥሩ የውሃ ቀለበት ቀረ።

«ይኸው መምህር፣ ደሴቶቹ እንዲህ ተደርድረዋል። ውጪው ጥቁር ሰማያዊ፣ ጥልቅ። ውስጡ አረንጓዴ፣ አሸዋው የሚታይ።»

«መሃሉ ላይ የነበረ ተራራ ሰጥሞ ይሆን?» አለ አባቴ፣ ለራሱ።

እዚያ ደሴቶች ላይ ስላለ አንድ መስጊድም ነገሩን። ከባሕር የወጣ ድንጋይ፣ እርጥብ ሳለ እንደ እንጨት ተጠርቦ፣ ያለ ጭቃ የተጋጠመ። መስጊዱ ከመሠራቱ በፊት ግን በየወሩ ከባሕር ጂኒ እየወጣ ከደሴቶቹ ሰዎች ልጃገረድ ይወስድባቸው ነበር አሉ፤ አንድ እንግዳ በልጅቷ ቦታ ተቀምጦ ቁርኣን ሲቀራ አነጋ፣ ጂኒው ሸሸ፣ ሕዝቡም ሰለመ።

«እንግዳው የበርበራ ሰው ነው» አሉ በኩራት።

«ስንት ኪሎ ይዞ ነበር?» አልኩ።

«ምኑን?»

«በርበሬውን።»

አደር ሮብሌ እስኪያስላቸው ሳቁ። «አይ የሐበሻ ልጅ! በርበራ እኮ ከተማ ናት፣ የእኛ የሶማሌዎች ወደብ! ጂኒው የእናትሽን ወጥ ቀምሶ ቢሆንማ ገና ድሮ ይሸሽ ነበር!»

አባቴም ሳቀ። ሲነሣ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ነገም ካላስቸገርንዎ…» አለ።

ኋላ ሳነብ፣ እንግዳው ከየት እንደመጣ ሊቃውንቱ እንደማይስማሙ አየሁ፤ ከሰሜን አፍሪካ፣ ከማግሬብ ነው የሚሉም አሉ። ለእኔ ጉዳዩ ከተዘጋ ቆይቷል። ደሴቶቹንም እስከ ዛሬ አላየኋቸውም። ከዚያ ምሽት የቀረችልኝ «ካላስቸገርንዎ» ውስጥ «እኛ» የምትለው «ን» ናት፤ አንድ መምህር ከልጁ ጎን ተማሪ ሆኖ የተመዘገበባት ፊደል።