አባ ካሳ ሀደራ ላይ የተከበሩ ዕለት

ከአፉላ ጧት በአውቶቡስ ተነሣሁ። እውነቱን ልጻፍ፣ የሄድሁት ልጄን ልመልስ ነው። ሲጋል የነርስ ትምህርቷን ትታ ማሲንቆ ልትማር ሀደራ ከገባች አራት ወሯ። እኔም እንቅልፍ ካጣሁ አራት ወሬ። በትውልድ አገራችን አዝማሪ በሠርግ ይወደዳል፣ ለዝምድና ግን ማንም አይሻውም። ልጄ እንዲያ ሆና ስትቀር ታየኝ።

መንገድ ላይ

ዋዲ ዓራ ስንደርስ መኪናው ተጨናንቆ ቆምን። ግራ ቀኙ ወይራ ነው። ከጎኔ ያለች ሴትዮ ብርቱካን ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ። ነጭ ቀሚሴን አይታ «ለሠርግ ነው?» አለች በዕብራይስጥ።
«ለልጄ ነው» አልኋት።

ነቬ ሐይም

ሀደራ ወርጄ በከተማው አውቶቡስ ነቬ ሐይም ሰፈር ገባሁ። ሲጋል ፌርማታው ላይ ቆማለች፤ ከስታለች።
«ኢማ፣ መጀመሪያ ቴኬሱን እይ፣ ከዚያ ትቆጪኛለሽ።»
ኢማ ማለቷ እናቴ፣ ቴኬስ ያለችው የክብር በዓሉን ነው። መምህሯ አባ ካሳ ከከተማው ሊሸለሙ ነው። ማሲንቋቸው በስደቱ መንገድ ሱዳን ቢቀር፣ እዚህ እንደገቡ ከዘይት ቆርቆሮና ከፈረስ ጭራ ሌላ ሠሩ። በዚህ አገር መድረክ ማሲንቆ ቀድመው ያሰሙ እሳቸው ናቸው ይባላል።

ናሓል ሀደራ

በዓሉ ናሓል ሀደራ በሚሉት ወንዝ ዳር፣ ባሕር ዛፉ ሥር ነው። አስቀድማ ሲጋል ብቻዋን ተጫወተች። ሕፃን እንኳ አላለቀሰም። እኔ የወለድኋት መሆኗን ተጠራጠርሁ። ቀጥሎ የከተማው ሹም አባ ካሳ ፊት ጎንበስ ብሎ የክብር ወረቀቱን በሁለት እጁ ሰጣቸው። አፌን ያዝሁ። ሹም ለአዝማሪ ሲጎነበስ!

አባ ካሳ ወረቀቱን ለሲጋል አስያዙ፤ ማሲንቋቸውን አንሥተው ወደ ሕዝቡ ዞሩ።
«በሉ ስጡኝ እንጂ!»
ሹሙ ቃሉ ሲተረጎምለት የጠማቸው መስሎት ሮጦ ውኃ አመጣላቸው።
«ውኃስ ቤቴም አለ» አሉ።

ወጣቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ገባኝ። አዝማሪ የሚመሰገነው ግጥም ሲሰጡት ነው፤ እሱ ተቀብሎ ያዜመዋል። ሽማግሎቹ ይህን ያውቃሉ፤ ግን ሹሞቹን አፍረው ነው መሰል፣ አቀርቅረዋል። ሰውዬው በክብራቸው ቀን እንዲህ ሊቀሩ ነው? ተነሣሁ።

«ይቀበሉኝ፣ አባ!»
«ተባረኪ! እኔ ደክሞኛል፣ ይች ልጅ ትቀበልሽ። የማን እናት ነሽ?»
«የሷው።»
ሰው ሣቀ። አባ ካሳ ማሲንቆውን ለሲጋል ሰጧት። እኔም እንዲህ አልሁ፦

እናትሽ ፈርታ ነው የከለከለችው፣
ጣትሽ ሲናገር ነው ዛሬ የሰማችው።

ሲጋል ዓይኗን ጠረገች። ደጋኑን ሳበችና ቃሌን አንድ ሳትጥል አዜመችው። ሽማግሎቹ ቀና አሉ፣ እልልታው ቀለጠ። አባ ካሳ ራሳቸው ተነሥተው ለልጄ ቆሙላት።

አፉላ

ተመልሼ አውቶቡሱ ውስጥ ሳስበው፣ ሰው ይንቃታል ብዬ ስፈራ ቀድሜ የናቅኋት እኔው ነበርሁ።

ባሌ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።
«ልጅቱስ? ልታመጫት አልነበር?»
«ሥራ ላይ ናት» አልሁት።