ለወተቷ መኪና ሞተር ፍለጋ፤ ከነገሌ እስከ ሞያሌ

ነገሌ፣ ማለዳ

ከነገሌ የተነሳነው ገና ሳይሞቅ ነው። ሐሳባችን ሞያሌ ወርደን ለአሮጊቷ ፒክአፓችን ሌላ ሞተር ገዝተን መመለስ ነበር። «ሐሳባችን» ስል እኔንና ሾፌሬን ዋቆን ማለቴ ነው። ባለቤቴ አበራ መጀመሪያ አብሬ እሄዳለሁ ብሎ ነበር፤ ኋላ የወገቡን ሕመም አስታወሰና ተወው። የእኔን የጉልበት ሕመም ያስታወሰ ሰው ግን አልነበረም።

ሥራዬ ወተት መሰብሰብ ነው። አባቴ ከጎጃም መጥቶ ነገሌ ካምፕ የተመደበ ወታደር ነበር፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አግብቼ፣ ልጄን ዳዊትንም እዚሁ አሳደግሁ። ለከተማው ሻይ ቤቶች የማቀርበውን ወተት የማገኘው ወደ ዳዋ ወንዝ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉ መንደሮች ሴቶች ነው። ሴቶቹ አስፋልት ዳር እንደሚቆም መንገደኛ ቆመው አይጠብቁም። በዚያ ፀሐይ ወተት ይዞ መቆም ወተቱን መድፋት ነውና ጄሪካናቸውን ጎጆ ውስጥ ያቆዩታል። መኪናችን ጉብታውን እንደ ሽማግሌ እያሳለች ስትወጣ ይሰሟታል፤ እኛ ስንደርስ እነሱም ወርደው ይጠብቁናል። ስንት ዓመት እንዲህ ስንሠራ ኖርን።

ከሁለት ሳምንት በፊት ከዳዋ ስንመለስ፣ ዳገቱ መሐል ላይ ራዲያተሩ ውሃ ጨርሶ ኖሮ ሞተሩ ነክሶ ተበላሸ። ዋቆ ኮፈኑን ከፍቶ አየና መልሶ ዘጋው። የጫንነውን ወተት እዚያው ፀሐይ ፈጀው።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ልጅ በሞተር ሳይክል እየዞረ ወተት መግዛት ጀምሯል የሚል ወሬ ገበያው ውስጥ ይነፍሳል። ወተት ደግሞ ሰው አይጠብቅም። ሴቶቹን ካጣሁ ሞተር ብገዛስ ምን ልጭንባት ነው?

የተሳፈርነው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ላይ ነው። እግሬ ሥር ሁለት ፍየሎች ታስረዋል፤ አንደኛዋ የነጠላዬን ጫፍ እስክትበላ ድረስ ተግባብተን ነበር። መኪናው የሃዳ ቦሩ መንደር ያለበትን ጉብታ ሲወጣ አንገቴን በመስኮት አወጣሁ። ሃዳ ቦሩ ማለት የቦሩ እናት ማለት ነው። እኩያዬ ናት፤ እሷም እኔን በልጄ ስም «ሃዳ ዳዊት» ትለኛለች። መንገዱ ዳር አንድም ሰው የለም። ከዚያ ቀጥሎ ባለው መንደርም እንዲሁ። የወተት ሰዓት ነው፣ ግን ባዶ።

«ወሰዳቸው» አልኩት ዋቆን።

«ማን?»

«ያ ባለ ሞተር ሳይክል።»

ዋቆ ፍየሏን በእግሩ ገፋ አደረጋት። ዳዋ ድልድይ ደረስን። ወንዙም እንደ እኔ ቀጥኖና ደፍርሶ ነበር።

ያቤሎ

ያቤሎ የገባነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ኮረኮንቹ መንገድ አጥንቴን ለያይቶ መልሶ የገጠመው መሰለኝ። ያደርንበት ሆቴል ውሃ የለውም፤ አንዲት ሠራተኛ ግማሽ ባልዲ አምጥታ «ፊት ብቻ ይታጠቡ» አለችኝ። ፊቴን ብቻ ታጠብኩ። ሽሮ በላን። ስለ ያቤሎ ከዚህ በላይ የምጽፈው ነገር ቢኖርም ያኔ የማየት አቅም አልነበረኝም።

ዱብሉቅ

ዱብሉቅ የወረድነው በዋቆ ምክንያት ነው። ኦቦ ዲዳ የሚባሉ ሽማግሌ የኛ ዓይነት ፒክአፕ እንዳላቸው፣ መኪናዋ ተገልብጣ አካሏ ቢጨራመትም ሞተሯ ደህና እንደሆነ ሰምቷል። ከተማዋ ከጥልቅ የውሃ ጉድጓዶቿ ጠጥተው በሚመለሱ ግመሎች ተጨናንቃለች። ኦቦ ዲዳን ያገኘናቸው ግቢያቸው ውስጥ ግራር ሥር፣ ከዚያችው መኪና በተነቀለ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው።

«ናጋ ነው? ሰዉ ናጋ ነው? ከብቱስ?» ተባብለን የሁሉን ሰላም ጠየቅን። ዝናቡንም እንደ ወጉ ተጠያየቅን። ከዚያ ሽማግሌው በሽርጣቸው ጫፍ የቋጠሩትን ቁልፍ ፈትተው ለዋቆ ሰጡት።

ሞተሩ ሁለት ጊዜ አጉረመረመና ተነሳ። ያ ሳል! ያ መሐል ላይ ቆም እያለ የሚቀጥል ጉርምርምታ! ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። መኪናችን ከሞት የተነሳች መሰለኝ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ድካምም ሊሆን ይችላል።

ዋቆ ግን የሚያየው ከኋላ የሚወጣውን ሰማያዊ ጭስ ነበር።

«ዘይት ይበላል፣ እትዬ ብርቄ። የፒስተኑ ፋሻ፣ ቀለበቱ፣ አልቋል። ዓመት አይሞላም፣ እንደገና እዚሁ ነን።»

«ድምፁ ግን የኛው ነው።»

«ለድምፅ ነው እንዴ የምንገዛው?»

ኦቦ ዲዳ ሳቁ። «ሴትዮዋ ወዳዋለች። ለሷ እቀንሳለሁ» አሉ።

አፈርኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ስንት ነገር አሳልፌ፣ ሞተር በድምፁ ልመርጥ ነው? «ሞያሌ ያለውን አይተን እንመለሳለን» አልናቸው። እንደማንመለስ እኛም እሳቸውም እናውቃለን። ሻይ ግን አጠጡን።

ሞያሌ

ሞያሌ ሙቀትና ጫጫታ ናት። ምሳ ሩዝ በፍየል ሥጋ ከነሙዙ በላን፤ የሁለት ሰሃን ሩዝ ሒሳብ ነገሌ አንድ ቤተሰብ ምሳ ያበላል። ውሃው ደግሞ ለብቻው ይከፈላል። እንዲህ ስነጫነጭ ዋቆ ሳህኔን ስቦ የተረፈውን ጨረሰልኝ።

ሞተሮቹ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተደርድረዋል። ነጋዴው አብዲ የሚባል፣ ፈገግታው የማይጠፋ ሰው ነው።

«መኪናው የማነው?» አለ ዋቆን።

«የእትዬ ነው።»

ወደ እኔ ዞረ። «እማማ፣ አንቱ እዚያ ጥላው ሥር ይቀመጡ። እኛ እንነጋገራለን።»

«እሺ። ብሩም ከእኔ ጋር እዚያ ጥላ ሥር ይቀመጣል» አልኩት።

አብዲ ራሱ በርጩማ አምጥቶ ሞተሮቹ አጠገብ አስቀመጠልኝ።

ሁለት አሳየን። አንደኛው እንደ ድሮው የኛ የቤንዚን ሞተር ነው፤ ግን አዲስ ታጥቦ ያበራል። ዋቆ የታጠበ ሞተር አይወድም፤ ምን እንዳፈሰሰ አይታወቅም ይላል። ሁለተኛው የናፍጣ ነው። ካምቢዮው አብሮት አለ፤ አቧራው ገና አልተነካም። መሬት ላይ እንዳለ ባትሪ አገናኝተው አስነሱት። ዶግ ዶግ ዶግ ብሎ ያለ ማቋረጥ ሠራ። ዋቆ የዘይቱን መክደኛ ከፍቶ መዳፉን ቀዳዳው ላይ አሳረፈ። ይህኛው እንደ ደከመ ሞተር መዳፉን ገፍቶ አልተነፈሰበትም። ዋቆ እንደዋዛ የማይስቅ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን ጥርሱን አየሁት።

«እትዬ፣ ይሄ እኔንም ይቀብራል።»

«ነዳጅስ?»

«ከድሮው ያነሰ ነው የሚጠጣው።»

«ዳዋ ዳገትስ?»

«ሳይቸግረው ነው የሚወጣው። የሞተሩ መቀመጫ ትንሽ ብየዳ ይፈልጋል እንጂ ቶሎ ይገጠማል።»

ቶሎ የሚለውን ነበር መስማት የፈለግሁት። የዋጋውን ክርክር አልተርከውም፤ ሳስበው ራሴን ያመኛል። ሁለት ጊዜ ተነስተን ሄድን፣ ሁለት ጊዜ ጠሩን። በሦስተኛው ገዛነው።

መልስ

ሞተሩን ሽንኩርት በጫነ አይሱዙ ላይ በገመድ አስረን ጉዞ ጀመርን። እኔ ጋቢና መሐል ነበርኩ፤ ሾፌሩ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ዘንጉ የሚያርፈው ያው የታመመው ጉልበቴ ላይ ነው። በየኬላው ሸራ ይገለጣል፣ ወረቀት ይታያል፣ ሸራው መልሶ ይታሰራል። የሽንኩርቱ ሽታ ልብሴ ውስጥ ገብቶ ሳምንት ሙሉ አልለቀቀኝም።

ዳዋን ተሻግረን ወደ ነገሌ ስንቃረብ እንደገና በመንደሮቹ አለፍን። ከሃዳ ቦሩ ጎጆ ጭስ ይወጣል፤ መንገዱ ዳር ግን ያው ባዶ ነው። ሌላው ሁሉ ቢቀር እሷ ትኖራለች ብዬ ነበር።

«ሰው ይጠብቃሉ?» አለኝ ሾፌሩ።

«ኧረ ማንንም» አልኩ። ስንት ዓመት ልጆቿ ሲታመሙ ሐኪም ቤት ያደረስኳት፣ እናቴ ስትሞት ሦስት ቀን አጠገቤ የተቀመጠች ሴት በሁለት ሳምንት ትረሳኛለች? ከፋኝ። በጣም ከፋኝ።

ነገሌ ሞተሩ ተገጠመ። የነዳጅ ታንከሩ ታጠበ፣ የጭሱን ድምፅ የሚያፍን አዲስ ማርሚታም ገባላት። አበራ ግቢው በር ላይ ቆሞ ሰማትና «አሁን ገና መኪና ሆነች» አለ። ወገቡ ያን ቀን ደህና ነበር።

የወተት መንገድ

በማግስቱ ባዶ ጄሪካኖች ጭነን ወጣን። መኪናዋ ጉብታውን ሳትቸገር ወጣችው። ሃዳ ቦሩ መንደር ስንደርስ ማንም የለም። ዋቆ ክላክስ አደረገ። በዚያ መንገድ ለፍየሉም፣ ለግመሉም፣ ለሕፃኑም ክላክስ ይደረጋል፤ ለክላክስ ብሎ ከቤቱ የሚወጣ የለም።

«እንሂድ» አለ ዋቆ ቀስ ብሎ።

«አይሆንም። ዓይኗን አይቼ ነው የምሄደው።»

ወረድኩና እሾሁን እየሸሸሁ ወደ ጎጆዋ ወጣሁ። የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። በሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ስገባ ሃዳ ቦሩ ከሌሎች ሦስት ሴቶች ጋር ጥላው ውስጥ ተቀምጣለች። አጠገባቸው አራት ጄሪካን ሙሉ ወተት አለ።

«ሃዳ ዳዊት!» ብላ ብድግ አለች። «በእግር መጣሽ? መኪናው አልዳነም?»

«መኪናዋማ ታች ቆማለች!»

«የትኛው? አሁን አንድ አለፈ፣ ሰማን። ያንቺ አይደለም። ያንቺ ያስላል።»

ያዘጋጀሁትን ንግግር ተውኩት። «ያ ባለ ሞተር ሳይክልስ?» አልኩ።

«መጣ። ወተት ስጡኝ አለ። የሃዳ ዳዊት ነው አልነው።»

«በዚህ ሁሉ ቀን ወተቱን ምን አደረጋችሁት?»

«ናጥነው። ቅቤ አለሽ።» ከዚያ ተቆጣች። «በየቀኑ እናዳምጣለን፣ እናዳምጣለን፣ የለሽም! ሞተሩ ሞተ እንዴ ብለን አዘንን።»

ሞተሩ በእርግጥ እንደሞተ፣ ሌላ እንደገዛን ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና ከበሩ ላይ ዋቆን በኦሮምኛ ተጣራች፤ ወደ ታች ውረድ፣ ከጉብታው ማዶ ዙርና ተመልሰህ ና አለችው። እኔን እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ።

«ኮቱ፣ ነይ፣ ቁጭ በይ። እንስማው።»

ያን ሁሉ ዓመት መኪናዋ ውስጥ ነበርኩ እንጂ፣ እዚያ ጎጆ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስትመጣ ሰምቻት አላውቅም። አምስት ሴቶች ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። መጀመሪያ የመጣው ከባድ ነበር። «አይሱዙ» አለች አንዷ። ቀጥሎ ሞተር ሳይክል አለፈ፤ ማንም ቀና አላለም። ከዚያ ከጉብታው ማዶ ያ ዶግ ዶግታ ተሰማ። ለእኔ ከመጀመሪያው በምንም አይለይም። ሃዳ ቦሩ ግን ጣቷን አነሳች።

«ይሄ ነው። ዳገቱን ሲወጣ ያፏጫል። ሰማችሁ?»

አዳመጥኩ። እውነትም ከዶግ ዶግታው ሥር ቀጭን ፉጨት አለ። ሞያሌ ላይ ዋቆም፣ አብዲም፣ እኔም አልሰማነውም ነበር። ሴቶቹ «ኤዬ፣ ኤዬ» እያሉ ተስማምተው ጄሪካናቸውን አንስተው ወረዱ። እኔ እንባዬን እስክጠርግ ወደ ኋላ ቀረሁ።

በቀሩት መንደሮችም እንዲሁ ሆነ። ዋቆ ጉብታ ሲወርድና ሲወጣ፣ እኔ በዚህ ጉልበቴ ከጎጆ ጎጆ ስዞር ውዬ፣ ከጫንነው ወተት ግማሹ ነገሌ ሳይደርስ ኮመጠጠ። አበራ «ምን ቢገጥማችሁ ነው?» ሲለኝ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ተኛሁ።

ከዚያ ጉዞ የተማርኩትን ልናገር። ሞተር የሚገዛ ሰው ስለ ነዳጁ፣ ስለ ዘይቱ፣ ስለ ዳገቱ ይጠይቃል፤ እኔም ጠየቅሁ። መኪናዋን ማን እንደሚሰማት ግን አልጠየቅሁም። ሁለት ጊዜ በሰው መኪና በባዶ መንገድ ሳልፍ ሴቶቹ ከዱኝ ብዬ አማኋቸው። እነሱ ያን ጊዜ ሁሉ ጥላቸው ውስጥ ጆሯቸውን አቁመው እኔን ሲጠብቁ ነበር። ይህን ለማወቅ ሞያሌ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ ወርጄ ያችን አጭር ዳገት በእግሬ ብወጣ ይበቃ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጎማ ተንፍሶብን ትንሽ አርፍደን ወጣን። ገና ጉብታውን ሳንጨርስ ሃዳ ቦሩ ጄሪካኗን እግሯ ሥር አስቀምጣ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መንገዱ ዳር ቆማለች።

«ዘገየሽ» አለችኝ። «ወተቱ ሊሞቅብኝ ነው።»