ወረቀት «አፈር ስሆን» አይልም

አሰብ የሄድኩት ለሁለት ዓመት ነው ተብዬ ነው። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። በጤና ሥራ ላይ ያለ ሰው በረሃ ሲመደብ ሁለት ዓመት ያገለግልና ተተኪ ሲመጣለት ወደ ደጋ ይዛወራል ይባል ነበር። እኔ «ሁለት ዓመት» የሚለውን ሰማሁ፤ «ተተኪ ሲመጣለት» የሚለውን አልሰማሁም። ሰው መቼም የሚሰማው የሚፈልገውን ነው።

ሥራዬ ሕመምተኛ ማከም አልነበረም፤ ሐኪሞችን መቁጠር ነበር። ከአሰብ እስከ ጥዖ በባሕሩ ዳርቻ ባሉት ክሊኒኮች ውስጥ ማን አለ፣ ምን ተምሯል፣ ስንት ጊዜ ቆየ፣ ማን ታመመ፣ ማን ጥሎ ሄደ፣ የትኛው ክሊኒክ አዋላጅ የለውም፤ ይህን ሁሉ ሰብስቤ ለመጪው ዓመት ዕቅድ አወጣና አስመራ ላሉት አለቆቼ እልካለሁ። እነሱ ደግሞ የጠቅላይ ግዛቱን አውራጃዎች ሁሉ አንድ ላይ አድርገው ማን ወዴት እንደሚሄድ ይወስናሉ። የዒድና የጥዖ ክሊኒኮች ወሬ የሚደርሰኝ በሳምቡክ፣ በባለ ሸራ ጀልባ ነበር። ነፋስ ከከፋ ሳምቡኩ ይቀራል፤ ሳምቡኩ ከቀረ «በሥራ ላይ» ብዬ የጻፍኩት ሰው በሥራ ላይ ይሁን በአልጋ ላይ አላውቅም። በመጨረሻ ወረቀቱ ሲመጣ የደረቀ ዓሣ ይሸታል። የወደቡ ጸሐፊዎች «ሰው ቆጣሪው» ይሉኝ ነበር፤ አልተሳሳቱም።

አሰብ ፊቷ ባሕር፣ ጀርባዋ በረሃ ነው። በሐምሌ የቢሮውን በር እጀታ በመሐረብ ካልሆነ አይጨብጡትም። የቆርቆሮው ጣሪያ ቀኑን ሙሉ ሲንጣጣ ይውላል፣ ቬንቲላቶሩ የጋለ አየር ከጥግ ወደ ጥግ ያመላልሳል፣ የጻፍኩት ቀለም ከክንዴ በሚወርደው ላብ ይጨማለቃል። ይህን ሁሉ ይችሉታል። የማይቻለው መንገዱ ነበር። ቢሮዬ ከወደቡ የሚወጡት የጭነት መኪናዎች በሚያልፉበት ጎዳና ላይ ነው። ሲሚንቶና ብረት ጭነው በመስኮቴ ሥር ሲያልፉ ሾፌሮቹ አንገታቸውን ያወጡና «ደሴ መልእክት አለህ?» ይሉኛል። ደሴ ለእነሱ ምሳ የሚበሉባት ከተማ ናት። ለእኔ ቤቴ ናት።

ባለቤቴ ደሴ አስተማሪ ነበረች። ስንለያይ ነፍሰ ጡር ነበረች። ልጃችን ዳዴ ማለት ስትጀምር ታቅፋት አሰብ ድረስ መጣች። ሳምንት እንኳ አልቆዩም፤ የልጅቷ ገላ በሙቀት ተቆጣ፣ ትኩሳቷ አልወርድ አለ፣ ሐኪማችንም «ይህችን ልጅ ከዚህ አገር አውጣት» አለኝ። ጋቢና አሳፍሬ መለስኳቸው። ከዚያ ወዲያ ልጄን የማውቃት በክር ነው። እናቷ የእግሯን ርዝመት ከተረከዟ እስከ አውራ ጣቷ በክር ትለካና ክሩን በሾፌር ትልክልኛለች። እኔም ክሩን ይዤ የየመኖቹ ሱቅ እሄዳለሁ፤ በእሱ ልክ ጫማ አስመርጬ በሚሄደው መኪና እልካለሁ። አዲሱን ክር ከአሮጌው ጎን ሳስተኛው ረዘም ብሏል። ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ ልቤ ይቆስላል። ልጅቷ እዚያ ታድጋለች፣ እኔ እዚህ ክር እሰበስባለሁ።

ለዕረፍት እንኳ ልሂድ ብል መልሱ ያው ነበር፤ የሚተካህ ሰው ካለ። የሚተካኝ ሰው እንደሌለ ደግሞ በየጊዜው ለአስመራ የማሳውቀው እኔው ራሴ ነበርኩ።

ሁለቱ ዓመት ሞልቶ ካለፈ በኋላ፣ በዕቅድ ወቅት ከአስመራ ትእዛዝ ደረሰኝ። ለባሕሩ ዳርቻ ጥቂት ተተኪዎች ተገኝተዋል፤ ጊዜያቸውን የጨረሱትን ሠራተኞች በቅደም ተከተል ጻፍ፤ ተተኪዎቹ የሚመደቡት ከላይ ወደ ታች ነው። ያን ቀን ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅኩ። በሩ ተከፈተ ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። በአገልግሎት ዘመን ቢሆን እኔና በዒድ ክሊኒክ ቁስል የሚያክመው ድሬሰር እኩል ነን፤ በቤተሰብ ችግር ቢሆን ከእኔ የሚብስ የለም። በሐቅ ከተጻፈ የመጀመሪያው ስም የእኔ ነው። ብዕሩን አነሳሁ፤ እጄ እንቢ አለኝ። ዝርዝሩን የማወጣው እኔ፣ ራሴን አንደኛ የማደርገውም እኔ! ሰው ምን ይላል? እኔ ባደግኩበት ቤት እንግዳ ምግብ ሲቀርብለት ቢርበውም «ጠግቤያለሁ» ይላል። ባለቤቲቱ «አፈር ስሆን» ትለዋለች። «በቃኝ» ይላል። «በሞቴ» ትለዋለች። ያኔ እጁን ይዘረጋል። ገና ሲቀርብለት ዘሎ የሚጎርስ ሰው ስሙ አገር ለአገር ይዞራል። እናም የዒዱን ድሬሰር አንደኛ አደረግኩ፣ ሌሎቹን አስከተልኩ፣ ራሴን መጨረሻ ላይ ጻፍኩ። በስሜ ትይዩ፣ «የእኔ ጉዳይ ከሌሎቹ በኋላ ቢታይ አይከፋኝም» የሚል ጨመርኩ። አስመራ ያሉት አለቃችን የእኛው አገር ዶክተር ናቸው፤ ወግ ያውቃሉ። «ኧረ ተው፣ አንተ ቅደም» እንደሚሉኝ አልተጠራጠርኩም።

ቢሮውን የምንጋራው ሳኒታሪያን የአካለ ጉዛይ ሰው ነበር፤ ከተማውን እየዞረ የውኃ ጉድጓድና የሥጋ ቤት ንጽሕና የሚቆጣጠር። «ሓወይ» ይለኛል፣ ወንድሜ ማለቱ ነው። ዝርዝሩን ከኋላዬ ቆሞ በትከሻዬ አሻግሮ አነበበው።

«ሓወይ፣ ርቦህ ሳለ ጠገብኩ ትላለህ?»

«ያስተካክሉታል።»

«ማን ነው የሚያስተካክለው? ታይፒስቷ?»

«ዶክተሩ ያውቁኛል።»

«እሺ» አለና ባርኔጣውን አደረገ። «እንግዲያው ውኃህን ከአሁኑ አቀዝቅዝ፤ ክረምቱን እዚሁ ነህ።»

መልሱ በቴሌግራም መጣ። የዒዱ ድሬሰር ይዛወር፣ ከእሱ በታች ያሉትም እንደ ተራቸው ይዛወሩ፤ የአሰቡ አስተባባሪ ስላሳየው በጎ ፈቃድ እየተመሰገነ በቦታው ይቀጥል። ደግሜ አነበብኩት። የተመሰገንኩበት ምክንያት የታሰርኩበት ምክንያት ነበር።

የዒዱ ድሬሰር በሳምቡክ መጣ። በዕድሜ የገፋ፣ ድሮ በጦር ሠራዊት ቁስል ሲያስር የኖረ ሰው ነው። ዕቃውን ወደቡ ላይ አስቀምጦ በቀጥታ ቢሮዬ ገባና አንገቴን አቅፎ ሳመኝ። «ልጄ፣ አንተ ቀድመህ መሄድ ስትችል እኔን አስቀደምከኝ። አምላክ ከልጅህ ጋር ያገናኝህ» አለኝ። «ምን አደረግኩ» አልኩት፤ ይህም የወግ ቃል ነው። ሲወጣ ሳኒታሪያኑ ቀና ብሎ አላየኝም።

ቴሌኮሙኒካሲዮን ሄጄ ደሴ ለባለቤቴ ትምህርት ቤት ደወልኩ። መስመሩ እንደ ጥብስ ይንጫጫል።

«መቼ ትመጣለህ?» አለችኝ፤ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

«ዘንድሮ አልተሳካም።»

«ስንተኛ ነበርክ?»

«መጨረሻ።»

«ዝርዝሩን ያወጣው ማን ነው?»

«እኔ።»

«እኔ ብሆን» አለች፤ ድምፅዋ ሳይጨምር ሳይቀንስ፤ «እኔ ብሆን አንደኛ አደርግህ ነበር።» ስልኩን ዘጋችው። በሚቀጥለው መኪና የመጣው ክር ረዝሟል፤ አብሮት ግን እንደ ወትሮው የሰላምታ ቃል አልነበረም።

የአሰብን ክረምት በተስፋ ያሳለፈ ሰው ሙቀት ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ያለ ተስፋ ነው የሚታወቀው። ከቤት ወጥቶ የሚኬድበት የለም። ባሕሩ ዳር ብትሄድ ውኃው ራሱ ለብ ያለ ነው። ወደ ከተማው ጫፍ ብትሄድ የጭነት መኪናዎቹ ወደ በረሃው ሲገቡ ታያለህ፤ አቧራቸው እስኪጠፋ ትቆማለህ፤ ከዚያ ትመለሳለህ። አንዳንዴ ዘልዬ ልሳፈርና የመጣው ይምጣ እላለሁ። ሥራዬን ጥዬ ብሄድ ግን የአንድ መምህርት ደመወዝ ለሦስት ሰው አይበቃም። ደግሞስ በዓመቱ ዕቅድ ላይ «ጥሎ ሄደ» ብዬ ስጽፋቸው ከነበሩት ሰዎች መካከል ልግባ? እነሱን ሳማ ነበር። አሁን አንድ በአንድ ይገቡኝ ጀመር።

በሚቀጥለው ዓመት የየአውራጃው አስተባባሪዎች ለዕቅድ ስብሰባ አስመራ ተጠራን። በተውሶ ሹራብ ሄድኩ። እንደ ደረስኩ ቀዝቃዛውን አየር በአፌ ሙሉ ጠጣሁት። በስብሰባው አዳራሽ ግድግዳ ላይ የጠቅላይ ግዛቱ ካርታ ተሰቅሏል፤ ሠራተኛ ያለበት ቦታ ቀይ ስፒል፣ ክፍት የሆነው ነጭ ስፒል ተተክሎበታል። ዶክተሩ የሚመለከቱት ነጩን ብቻ ነው። ነጭ ካዩ ሰው ይፈልጋሉ፤ ቀዩን አልፈውት ይሄዳሉ። ከካርታው ግርጌ፣ ባሕሩ ሊያልቅ ሲል፣ አንዲት ቀይ ስፒል አለች። እኔ ነኝ።

በዚህ ጊዜ ተነስቼ እናገራለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ዶክተሩ ቀደሙኝ። «የሁላችሁም መረጃ ይዘገያል፣ የአሰቡ አይዘገይም። ያውም በሳምቡክ! ጊዜው አልፎ ሳለ እንኳ ሌሎችን ያስቀደመ ሰው ነው» አሉ። ተጨበጨበ። እጅ ነስቼ ተቀመጥኩ። በጭብጨባ መካከል ተነስቶ «ልሂድ» የሚል ማን ነው?

ምሳ ላይ ከአጠገባቸው አስቀመጡኝ። እኔ እንደ ልማዴ ቶሎ እጄን ሰበሰብኩ። ይህን ጊዜ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው፣ «አፈር ስሆን፣ ምን በላህ? በሞቴ!» ብለው እጃቸውን ወደ አፌ ሰነዘሩ። አየኋቸው። ይህን ቃል አንድ ዓመት ሙሉ ስጠብቀው ኖሬ አሁን ለወጥ አወጡት። ጎረስኩ። ጉርሻው አፌ ውስጥ ሳለ ዕንባዬ መጣ።

«በርበሬው ነው?» አሉኝ።

«አይደለም፣ ጌታዬ። ሚስቴና ልጄ ደሴ ናቸው።»

አልገባቸውም። ነገርኳቸው፤ ስለ ትኩሳቱም፣ ስለ ክሩም፣ ሁሉንም። እጃቸውን ከማዕዱ አነሱ።

«ታዲያ ምነው? እኔ እኮ አገሩን ለምደኸው፣ ወደህ የተቀመጥክ ነው የመሰለኝ። ‘አይከፋኝም’ ብለህ በእጅህ ጽፈህልኛል።»

«‘አፈር ስሆን’ ይሉኛል ብዬ ነው።»

መጀመሪያ ሳቁ። ፊቴን ሲያዩ ተዉት።

«ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፤ «ወረቀት ‘አፈር ስሆን’ አይልም።»

የዚያ ዓመት ምደባ አልቆ ነበር። «በሚቀጥለው፣ ቃሌ ነው። እስከዚያ ቻለው» አሉ። ወደ አሰብ ተመለስኩና አንድ ክረምት እንደገና ቻልኩት። በዚህኛው ዓመት ዝርዝር ላይ ስሜን አንደኛ አድርጌ ስጽፍ ጆሮዬ ሥር እስኪግል አፈርኩ። ሳኒታሪያኑ አነበበውና እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ።

ተተኪዬ ከአውሮፕላን ሲወርድ ኮቱን እንደለበሰ ነበር። አዲስ ያገባ፣ ጨዋ ልጅ ነው። የሳምቡኩን፣ የወረቀቱን፣ የየክሊኒኩን ነገር ሁሉ አስረከብኩት። ወደ መጨረሻው ስለ ዝውውሩ ዝርዝር ነገርኩት።

«ራሴን የት ላይ ነው የምጽፈው?» አለኝ።

«በተራህ።»

«አንደኛ ብሆንስ? ነውር አይደለም?»

«ነውር ነው» አልኩት። «ጻፈው።»

በመስኮቴ ሥር ያልፉ ከነበሩት መኪናዎች በአንዱ ተሳፈርኩ። በረሃውን አልፈን፣ ባቲን ይዘን ሽቅብ ስንወጣ ቅዝቃዜው መጣ፤ ሾፌሩ መስኮት ሲዘጋ እኔ ከፈትኩት። ደሴ የደረስነው ካሰብነው ቀድመን ነበር። ባለቤቴ ገና ከትምህርት ቤት አልተመለሰችም። በሩን አንኳኳሁ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ከፈተችልኝ። በመጀመሪያ ያየሁት ጫማዋን ነው። እኔ የላክሁት ጫማ ነው፤ ልኳ ነበር።

«እማዬ አሁን ትመጣለች። ይግቡ» አለችኝ።

ከጓሮ የጎረቤት ሴት ድምፅ «ማን ነው?» አለ።

«እንግዳ ናቸው» ብላ መለሰች።

ገብቼ ተቀመጥኩ። አባትሽ ነኝ ለማለት አፌን ስከፍት፣ እሷ ወደ ጓዳ ገብታ ቁራሽ ዳቦ በሰሃን ይዛ መጣች፤ በሁለት እጇ፣ እናቷ እንዳስተማረቻት። ልማዴ ሆኖብኝ እጄን አወዛውዤ «ጠግቤያለሁ» አልኳት።

አልሄደችም። ሰሃኑን ወደ ጉልበቴ አስጠጋችው፤ ትልልቆቹ ሲሉ እንደሰማችው ራሷን ዘንበል አድርጋ፣

«አፈር ስሆን» አለችኝ።

እንድትደግመው አልጠበቅኩም። እጄን ዘረጋሁ።