የእናቴ ድምፅ፣ በቴፕና በስልክ

እናቴ በጎረቤት ሰርግ መንዙማ ስታወጣ የተቀዳችበት አንድ ካሴት ነበረን። አላህ ይማራትና እሷ ካረፈች ወዲህ አባቴ በትልቁ ቴፕ እሱን ሲሰሙ ነበር የሚውሉት። እኔ መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን እየጫንኩ የምተዳደር ሰው ነኝና ካሴቱን ወደ ስልኬ ገለበጥኩት። አጥርቼ ነው የገለበጥኩት፤ በሥራዬ አልታማም።

ጦርነቱ ወልድያ ደርሶ የመርሳ ሰው ወደ ደሴ መውጣት ሲጀምር፣ አባቴ ቴፑን ካልያዝኩ አልነቃነቅም አሉ። መኪና የለም፤ በእግር ነው የሚኬደው። ቴፑ ደግሞ ጠቦት ያህል ይከብዳል።

«አባባ፣ ስልኬ ላይ አለችልዎት እኮ» አልኳቸው።

«እሷ አይደለችም። ድምጿ ቀጥኗል።»

ነገሩ ከነከነኝ። ሁለቱም በአንድ ድምፅ ማጉያ እንዲሰሙ ስልኩን በሽቦ ከቴፑ ጋር አገናኘሁ። አባቴን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙሬ አስቀመጥኩና፣ እህቴ አንዴ ካሴቱን አንዴ ስልኩን እያቀያየረች እንድትከፍት ነገርኳት። የቱ የቱ እንደሆነ እሳቸው ሊለዩ ነው።

ገና የእናቴ ድምፅ ሲወጣ አባቴ እያጨበጨቡ ይቀበሏት ጀመር። የራሳቸው ድምፅ ሁሉን ዋጠው።

«ኧረ ዝም ብለው ያድምጡ!»

«መንዙማ እየተባለ ዝም ይባላል እንዴ? ነውር ነው።»

እህቴ ሳቋ አመለጣት፤ በዚያ ጭንቀት መሃል ሦስታችንም ሳቅን። በስንት ልመና ዝም ካሉልን በኋላ አንዴ ያገኙታል፣ አንዴ ይስቱታል። በመጨረሻ መለየት እንዳልቻሉ ራሳቸው አመኑ።

«አዩ አይደል? አንድ ናቸው» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

«አንድ ናቸው ልጄ።»

ደስ ብሎኝ ጓዛችንን ማሰር ጀመርኩ። እሳቸው ግን ከተቀመጡበት አልተነሡም።

«እንግዲያው ስልኩን እናንተ ያዙት፤ ቴፑ ለኔ ይቅር። እኔ ቀብሯን ትቼ የትም አልሄድም።»

ለካ ድምጿ ቀጠነ ያሉኝ ላለመሄድ ኖሯል። ተናደድኩባቸው፤ ደግሞም አንጀቴን በሉት።

«ቴፑን እኔ እሸከመዋለሁ፣ እርስዎ ብቻ ይምጡ» ብዬ ለመንኳቸው።

ግንባሬን ሳሙኝና ለመንገድ የተቆላውን ሽንብራ ለእኔና ለእህቴ ብቻ ይቋጥሩልን ጀመር።