የመርዳሳ ቦታ

ራህመቶ ሌባ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በሕይወቱ ሳለ በአደባባይ የተናገረለት ሰው ስለሌለ ነው።

ከስልጤ አገር በርበሬ ጭኖ በዝዋይ በኩል አዳማ ድረስ የሚነግድ፣ ብቻውን የሚጓዝ ሰው ነበር። በ፲፱፻፳፫ ዓ.ም. መስከረም ላይ አዳሚ ቱሉ ገበያ አንዲት ዳማ በቅሎ ገዛ። የሻጩን ስም እንኳ አልጠየቀም። ይህን ሲያጫውተኝ በጣም ነበር የተናደድሁበት፤ በዚያ ዘመን ከብት ያለ እማኝ የሚገዛ ምን ዓይነት ነጋዴ ነው?

አዳማ ሲደርስ መርዳሳ የሚባል የሁሩታ ገበሬ በቅሎዋን አየና «በሕግ አምላክ! በቅሎዬ ናት!» ብሎ ጮኸ። ራህመቶ ሮጦ ማምለጥ ይችል ነበር። ግን በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ይቆማል፤ እሱም ቆመ። መርዳሳ የኩታውን ጫፍ ከራህመቶ ኩታ ጋር ቋጥሮ ወደ ዳኛው ግቢ ወሰደው።

ዋስ ጥሩ ተባሉ። ራህመቶ በአዳማ የሚያውቀው ሰው የለም፤ የመርዳሳ ዘመዶችም ሁሩታ ናቸው። ስለዚህ እንደ ደንቡ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኙ፤ የራህመቶ ግራ እጅ ከመርዳሳ ቀኝ እጅ ጋር። ዳኛው በዚያው ሰሞን ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል አዲስ አበባ ሄዱ። እስኪመለሱ ጠብቁ ተባለ። የተያዘችውን በቅሎ የዘበኞቹ አለቃ ይጋልባት ጀመር።

እስረኛ የሚበላው ዘመድ ያመጣለትን ነው። የመርዳሳ ሚስት ሆራ በየሁለት ሳምንቱ ቆሎና የገብስ ዳቦ ይዛ ትመጣለች። መርዳሳ በመጀመሪያው ቀን ፊቱን አዙሮ በላ። በሦስተኛው ቀን ግን የሰው ሆድ እዚያው አጠገቡ ሲጮህ መስማት አቃተውና ቆረሰለት። ከዚያ በኋላ አብረው በሉ፣ አብረው ለአለቃው ቤት ድንጋይ ተሸከሙ፤ አንዱ ሲዘገይ ሁለቱም ይገረፋሉ። ራህመቶ ሲሰግድ መርዳሳም ወደደም ጠላም አብሮ ይጎነበሳል። «ያ ራህመቶ፣ እኔንም ሰገደ ብለው እንዳይጽፉኝ!» እያለ ያስቀው ነበር።

ኅዳር ላይ ሆራ መጣችና አንገቷን ደፍታ «በቅሎአችን ተገኘች፤ ወንዝ ማዶ ከሰው ከብት ጋር ተቀላቅላ ነበር» አለች። መርዳሳ አለቀሰ። ወዲያው ራህመቶን እየጎተተ ወደ አለቃው ሄዶ እውነቱን ነገረው። አለቃው ግን «በሐሰት ከሰስሁ ካልህ ቅጣቱ ላንተ ነው። ደግሞስ ያለ ዳኛ ማን ይፈታዋል?» አለው። የሚጋልባትን በቅሎ መመለስ ስላልፈለገ ነው፤ እኔ እንዲህ ነው የማምነው።

በዚህ መካከል ገብሱ ደረሰ። የሁሩታ ሽማግሌዎች ለመርዳሳ ዋስ ሊሆኑ መጡ። ለራህመቶም እንሁን ቢሉ አለቃው የከሳሽ ወገን ለተከሳሽ ዋስ አይሆንም ብሎ ከለከላቸው። መርዳሳ ትቼው አልሄድም አለ።

«ሂድ እንጂ፤ ገብስህ ሊረግፍ ነው» አለው ራህመቶ። «ዳኛው ሲመለሱ መጥተህ ትናገርልኛለህ።»

«እመጣለሁ። እስከዚያ ዳቦ እልክልሃለሁ።»

ሰንሰለቱ ከመርዳሳ እጅ ተፈትቶ ከምሰሶ ጋር ታሰረ።

ዳቦ አልመጣም። ዳኛው ጥር ላይ ተመለሱና «ከሳሽህ የታል?» ብለው ጠየቁት። የለም፤ በቅሎውን ግን አግኝቷል አላቸው። «ከሳሽ ሳይቀርብ ምን ብዬ ልፍረድ?» ብለው መለሱት። እንግዲህ ፍረዱ! የሚከስሰው የለም፤ የሚፈታውም የለም። ዘበኞቹ በሰንሰለት እየጎተቱ ገበያ ያወጡታል፤ ለምኖ ይበላል፤ ሰዉም የበቅሎው ሌባ ይለዋል። ብረቱ የበላው እጁ መግል ያዘ። ብቸኝነቱ ግን ከርሃቡም ከቁስሉም ይብስ ነበር አለኝ። ሰንሰለቱን ሳብ ሲያደርገው ከዚያ ወገን መልሶ የሚስበው የለም።

ነሐሴ ላይ አለቃው ተሻረ። አዲሱ አለቃ መዝገቡን ቢያገላብጥ የራህመቶን ስም አጣው። «አውጡት» አለ። ራህመቶ ግን አልወጣም አለ።

«ፍርዴን ስጡኝ። ሌባ አይደለህም በሉኝ።»

ገፍትረው አስወጡት።

በእግሩ ሁሩታ ሄደ። ሆራን ፀጉሯን ተላጭታ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አገኛት። መርዳሳ ቤቱ በገባ በስምንተኛው ቀን በንዳድ ሞቷል።

«ትኩሳቱ ሲያቃዠው እንኳ ‹ዳቦውን አድርሱለት› ይል ነበር» አለችው። «ብቻዬን ቀረሁ፤ የምልከው ሰው አጣሁ። አንተ ንጹሕ ነህ፣ ወንድሜ።»

ዓመት ሙሉ የጠበቀውን ቃል አገኘ። ከእሱ ሌላ የሰማው ግን አልነበረም፤ የነመርዳሳ በቅሎ ብቻ ጓሮ ቆማለች።

ከዚያ ወዲህ አዳማ ባቡር ጣቢያው አጠገብ በርበሬ እየቸረቸረ ኖረ፤ እኔም ያወቅሁት እዚያ ነው። ገበያተኛው ራህመቶ እስኪሞት ድረስ የበቅሎው ሌባ ማለቱን አልተወም። አንድ ቀን ከገበያ አብረን ስንመለስ በግራው በኩል ጠጋ አልሁ። ክንዴን ይዞ ወደ ቀኙ አዞረኝ።

«እዚያ አትሁን» አለኝ። «የመርዳሳ ቦታ ነው።»