ለዓሊም የሚነሡት አያቴ

አያቴ ስለ ቀደምት ኸሊፋዎች ሲያወሩ ተደላድለው ይቀመጡ ነበር፤ የአንድ ዓሊም፣ የሃይማኖት ሊቅ፣ ስም ሲጠሩ ግን የትም ቢሆኑ ከመቀመጫቸው ይነሣሉ። ወሎ ሳሉ ከሸሃቸው የተማሩት አደብ ነበር፤ ፍራንክፈርትም አላስተዋቸውም።

አንድ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ቦከንሃይም ሰፈር ወዳለው ቤታችን በኡባን፣ በምድር ውስጥ ባቡር፣ ስንመለስ፣ ኸሊፋው የሰጠውን የዳኝነት ሹመት አልቀበልም ብሎ ስለታሰረ ዓሊም እየተረኩልኝ ሳሉ ስሙን ሲጠሩ ብድግ አሉ። ወዲያው አንድ ጎረምሳ ወንበራቸው ላይ ተቀመጠ።

«አባባ፣ ቦታዎን ተቀሙ እኮ» አልኳቸው።

«ይቀመጥበት ልጄ። ዓሊሙ እስር ቤት ገብተዋል፤ እኔ ቦከንሃይም ድረስ መቆም ያቅተኛል?»

ሆስፒታል በተኙበት የመጨረሻ ሰሞን ያንኑ ታሪክ እንድተርክላቸው ጠየቁኝ። ከዓሊሙ ስም ስደርስ በክርናቸው ተደግፈው ሊነሡ ሞከሩ፤ አልቻሉም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«በእኔ ፈንታ አንተ ተነሥልኝ» አሉኝ።

ተነሣሁ። ታሪኩ እስኪያልቅ እጄን ይዘው ቆዩና፣ «በል አሁን ተቀመጥ» አሉኝ።

አላህ ማረፊያቸውን ያስፋላቸውና፣ ከቀብራቸው ወዲህ በዚያው ባቡር ስሄድ መጽሐፍ እገልጣለሁ። የኸሊፋዎቹን ገጾች ተቀምጬ አነባለሁ። ትናንት ከአንድ ዓሊም ስም ስደርስ ተነሣሁ። ከጎኔ የነበረው ወንበር ቀድሞውኑ ባዶ ነበር፤ አሁን ሁለቱም ባዶ ሆኑ። ታሪኩን ጨርሼ መጽሐፉን ብዘጋም እንደ ቆምኩ ቀረሁ፤ «በል አሁን ተቀመጥ» የሚለኝ አልነበረም።